በአገጭ የተመረጠ አምፕሊፋየር

አሮጌው አምፕሊፋየር የሞተው በልምምድ መሀል ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ ቀጥሎ ከጀርባው ቀጭን ጭስ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ የቤዝ ጊታሩ ክር ቢመታ ቢመታ የደረቀ እንጨት ከመምታት የተሻለ ድምፅ የማይሰጥ ሆነ። ድራመሩ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ «ነፍስ ይማር፤ ብዙ ችሎን ነበር» አለ። ሁሉም ሳቁ። ቤዝ የሚጫወተው በያጁም ሳቀ። እሱ የሳቀው ግን የሌሎቹን ጥርስ አይቶ እንጂ የተባለውን ሰምቶ አልነበረም።

ስለዚህ ሰው አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ይኸው ነው፤ እሱ ደብቆት ኖሯል፣ እኛም ብንደብቅለት ግን ታሪኩ አይገባም። ቀን በርና መስኮት ይበይዳል፤ ማታ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ጆሮው ደግሞ ጥሎት እየሄደ ነው። የግራው ከሄደ ቆይቷል። ዕድሜ ልኩን ላሜራ ሲቀጠቅጥና ብረት በግራይንደር ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። የሥራ ጓደኞቹ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ሲወትፉ «አራስ ትመስላላችሁ» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። የአራሶቹ ጆሮ ዛሬም ደህና ነው።

አሁን ቀኙም የግራውን መንገድ ይዟል። የዚህ በሽታ ተንኮሉ ሁሉንም ባንዴ አለመውሰዱ ነው። መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የወፉን፣ የበር ደወሉን፣ የሕፃኑን፣ የሴቷን። ከሰው ንግግር ውስጥም ስለት ያላቸውን ድምፆች እየለቀመ ይበላና ሰው ሁሉ አፉ ላይ ጨርቅ አድርጎ የሚያወራ ያስመስለዋል። ወፍራሙ ድምፅ ግን እስከ መጨረሻው አብሮ ይቆያል። ስለዚህ ዘፋኝ ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ ይጋለጥ ነበር፤ ቤዝ ተጫዋች በመሆኑ መደበቂያ አገኘ። የራሱን ክር ይሰማል፤ የድራሙን ትልቁን ከበሮ ይሰማል። የማይሰማው ዘፋኟን ነው። ዘፋኟ ደግሞ ታናሽ እህቱ ናት።

እህቱ የምትጀምርበትን ቦታ የሚያውቀው ትከሻዋን አይቶ ነው። ልትዘፍን ስትል አየር ትስባለች፤ አየር ስትስብ ቀኝ ትከሻዋ ከፍ ይላል፤ ትከሻዋ ሲወርድ እሱ ይገባል። አየር ስባ ሳትዘፍን የቀረች እንደሆነ ግን ብቻውን ዘው ይላል። ያን ጊዜ ኪቦርድ የሚጫወተው መምህር ይጮኽበታል። መምህር ቀን ሒሳብ የሚያስተምር፣ የሰው ስህተት ሳያርም ከዋለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። «የት ትሄዳለህ? ማን ጠራህ?» ይለዋል። በያጁ ይስቅና «ቸኩዬ ነው» ይላል፤ ከመጀመሪያው ይደግሙታል። አራተኛው ድራመሩ ነው፤ ከአፉ ቃል እምብዛም ስለማይወጣ «ፀጥታ» ብለውታል፤ ፀጥታ የሚባል ሰው ግን እንደሱ ቤት የሚያናውጥ የለም። በቃ፣ ባንዱ ማለት እነዚህ ናቸው።

በዚህ ሰሞን ዕድል ቀንቷቸዋል። አንድ ሆቴል ለሳምንቱ መጨረሻ ቋሚ ሥራ ሊሰጣቸው አስቧል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ከመፈረሙ በፊት መጥቶ ሊያዳምጣቸው ይፈልጋል። ለመምህርና ለፀጥታ ይህ የኪስ ነገር ነው። ለእህቱ የነፍስ ነው፤ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስፌት ቤት አንገቷን ደፍታ የሸሚዝ ኮሌታ ስትገጥም ትውላለች፤ ከዚያ ወንበር የምትነሣበት ሌላ በር የላትም። በያጁ ግን ገንዘቡን ብዙም አላሰበው። ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ ባለችው፣ ግድግዳዋ ላይ አሮጌ ፍራሽ በተመታባት የልምምድ ክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም ቦታ ሰው መሆኑ አይሰማውም፤ ነገሩ ይህ ነው። ጆሮው መታመሙ ከታወቀ ደግሞ ከዚያች ክፍል እንደሚወጣ ያውቃል። ሊድ ጊታር ይጫወት የነበረው ጓደኛቸው ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ በአንድ ምሽት ነው የተሰናበተው። በደግ ቃል ነው ያሰናበቱት፤ ቢሆንም ተሰናብቷል።

ባንዱ በቋት ያስቀመጠው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ከቋቱ ያገለገለ አምፕሊፋየር እንጂ አዲስ አይወጣም። መምህር ወዲያው ኮሚቴ ማቋቋም ፈለገ።

«ሁለት ሰው ይሂድ» አለ። «አንዱ ይጫወታል፣ አንዱ ራቅ ብሎ ያዳምጣል። ዕቃ የሚመረጥ እንዲህ ነው።»

እህቱም «እኔ አብሬው እሄዳለሁ» አለች።

በያጁ ይህን ሰማው። የፈራውን ነገር ደግሞ ጆሮ ባይሰማ ሆድ ይሰማዋል።

«ጫማ የሚመርጠው የሚጫማው ነው» አለ። «ከእኔ በላይ ስለ ቤዝ የሚያውቅ ካለ እሱ ይሂድ። ካለበለዚያ ተዉኝ፣ ብቻዬን ልሂድ።»

«ጋሼ ደግሞ፣ ምን አስቆጣህ?» አለች እህቱ፤ እንደ አባት ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ስለሆነ ጋሼ ነው የምትለው።

«አልተቆጣሁም። ብቻዬን ልሂድ ነው ያልኩት።»

ተዉት። ሰው የሚተወው አንዳንዴ አክብሮ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰልችቶት ነው፤ እነሱ የትኛው እንደሆኑ አልታወቀም።

ያገለገሉ የድምፅ ዕቃዎችን የሚጠግንና የሚሸጠው ሰው ሱቁ ከጋራዥ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ደጁ ላይ ጄኔሬተር ይንተከተካል፤ ውስጡ የሽቦ ጥቅልል፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ እስፒከሮች ሞልተውታል። ሻጩ ራሱ ወፍራም፣ ትሑት፣ ጢማም ሰው ነው። ለሌላው ሰው ጢም ያው ጢም ነው፤ ለበያጁ ግን የግንብ አጥር ነበር። ከንፈር እያነበበ ለሚሰማ ሰው፣ ነገር በዓይን ይገባል የሚባለው ተረት ለሆነለት ሳይሆን ኑሮ ለሆነበት ሰው፣ የላይኛውን ከንፈር ከነታችኛው የሸፈነ ጢም ከማየት የከፋ ነገር የለም።

እንዲህ ሲገጥመው የሚያመልጥበት አንድ መላ ነበረው። ትንሽ ይስቅና «ይሁን እንግዲህ፣ ችግር የለም» ይላል። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ልክ ይሆናል፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው «ይሁን» ለማለት የሚበቃ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የአንዲትን ደንበኛ የግቢ በር ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ቀብቶ አስረክቧት፣ ሴትየዋ ያለችው ግራጫ ኖሮ፣ ያንን በር እንደገና ሲፍቅ አንድ ሳምንት አልፎታል። ከዚያ ወዲህም መላውን አልተወም። ሌላ ምን መላ አለው?

ሻጩ ሦስት ዕቃ አሳየው። የመጀመሪያው ትንሽ፣ አዲስ የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሠላሳ ዋት። በያጁ በእግሩ ጫፍ ገፋ አደረገው። እንዲህ ያለው ለመኝታ ቤት ነው፤ ፀጥታ አንዴ ከበሮውን ቢረግጥ የት እንደገባ አይገኝም። ጊታር በጥቂት ዋት ይሰማል፤ ቤዝ ግን ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ድራም ካለበት ክፍል በትንሽ አቅም አይገባም፤ ይህን ሳያውቁ ባማረ ቀለም የተሸነፉ ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ማጉያ ጭንቅላቱና የእስፒከር ሳጥኑ ለየብቻ የሆነ፣ ቀላል፣ ጥሩ ዕቃ ነበር፤ ዋጋው ሲነገረው ግን በያጁ እጁን ከላዩ አነሣ። ሦስተኛው ከጥግ ተጎትቶ ወጣ። ጥቁር ነው፤ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ብረቶች ተጨራምተዋል፤ የለበሰው ምንጣፍ አንድ ጎኑ ተልጧል፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ባለ አሥራ አምስት ኢንች እስፒከር አለ፤ መቶ ሃምሳ ዋት። ክብደቱ የበሬ ነው። ዋጋው ደግሞ፣ ለሚያየው ሁሉ፣ የሚያጠራጥር ነበር።

በያጁ ግን ለመጠርጠር ጊዜ አልነበረውም። ጊታሩን ሰካና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሻጩ ወደ ሳጥኑ ጀርባ ዞሮ ሽቦ ለመንካት ሲያጎነብስ ጊዜ አገኘና፣ ሰው ፊት የማያደርገውን አደረገ። ጎንበስ ብሎ የጊታሩን ቀንድ፣ ከአካሉ የሾለውን ጫፍ፣ አገጩ ሥር አስገባ፤ አንድ መዳፉን ሳጥኑ ላይ ጣለ፤ በሌላው ወፍራሙን ክር መታ።

ድምፁ በአጥንቱ ገባ። ከመንጋጋው ተነሥቶ ጥርሱን አልፎ እስከ ማጅራቱ ደረሰ፤ በመዳፉ የገባው ደግሞ በክንዱ ወጥቶ ደረቱ ላይ ተገናኙ። ሙሉ፣ ክብ፣ የሚያረካ ድምፅ። ለወራት እንዲህ ያለ ድምፅ ውስጡ ገብቶ አያውቅም ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ደስ አለው፤ ሞኝ ሰው ደስ እንደሚለው ደስ አለው።

በዚያው ቅጽበት ከሳጥኑ ጀርባ ሻጩ የሆነ ነገር ተናገረ። ረዘም ያለ ነገር ነበር፤ ማጉረምረሙ ከጄኔሬተሩ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። ጨርሶ ብቅ ሲል ጢሙ መልስ ይጠብቅ ነበር።

በያጁ ትንሽ ሳቀ። «ይሁን እንግዲህ፣ ችግር የለም» አለ።

ሻጩ ትከሻውን ነቅንቆ ገንዘቡን ተቀበለ።

በማግሥቱ ማታ አምፕሊፋየሩን ከብየዳ ቤቱ የእጅ ጋሪ ላይ አውርደው ለአራት አስገቡት። ፀጥታ ወገቡን ይዞ «ሬሳ ነው እንዴ?» አለ፤ ለእሱ ይህ ንግግር ነው። መምህር ዋቱን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ መቼም ነጥብ ሰጠ ማለት ነው። በያጁ ሰካና መታ። ደረቱ ተንቀጠቀጠ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ሙሉ መስመር ተጫወተ።

ዓይኑን ሲገልጥ ፊታቸውን አየ።

እህቱ ግንባሯን ቋጥራለች። ፀጥታ አንድ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከቷል። መምህር ሁለት እጁን አንሥቶ አቁም እያለው ነው። በያጁ አቆመ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

«እስኪሞቅ ነው» አለ ማንም ሳይጠይቀው። «የድሮ ዕቃ እንዲህ ነው፤ ሲሞቅ ይስተካከላል።»

«እስኪሞቅ?» አለ መምህር። ፊት ለፊቱ መጥቶ ስለቆመ ከንፈሩ ይነበብ ነበር። «እስፒከሩ ተቀዶ እንደ ላላ ቆርቆሮ እየተንጣጣ እኮ ነው። አይሰማህም?»

አይሰማህም። ቃሉ እንዲህ በተራ ነገር መሀል መጣ።

«ይሰማኛል እንጂ!» አለ በያጁ። «ድንጋይ መሰልኩህ?»

 የተቀደደ እስፒከር የሚያወጣው መንጣጣት ቀጭን ነው፤ ከበያጁ ከተወሰዱት ድምፆች መሀል ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ቤዝና ቆርቆሮ ሲሰሙ እሱ ቤዝ ብቻ ነበር የሰማው። ይህን ቆሞ ሲያስበው ሌላም ነገር ገባው፤ ሻጩ ከሳጥኑ ጀርባ ሆኖ ያንን ረጅም ነገር ሲናገር ምን ይል እንደነበር አወቀ።  በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ያዳነችው እህቱ ናት። «ሌባ ነው የሸጠለት» አለች። «ሲሞክረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አሳይቶት ነው። የዋህ መሆኑን አይቶ።»

በያጁ ይህን ከከንፈሯ አነበበ። አንድ ጨዋ ሰው ያለ ኃጢአቱ ሌባ ሲባል ዓይኑ እያየ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚያን ዕለት ዝምታው ግን ገና ከአፉ ሳይወጣ የነቀዘ ነበር፤ እሱም ታወቀው።

«ነገ እኔው እመልሰዋለሁ» አለ። «እናንተ አትልፉ። የገዛሁት እኔ ነኝ።»

በነጋታው ግን ለአንድ ግቢ የሚሠራው ትልቁ በር የማስረከቢያው ቀን ነበርና አለቃው አላንቀሳቅስ አለው። ማንጠልጠያውን ሲበይድ ሁለት ጊዜ አጣመመው። ማታ ወደ ልምምድ ክፍሉ ሲሮጥ አምፕሊፋየሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። ፀጥታ ቀን የዕቃ መኪና ይነዳል፤ እህቱ ከስፌት ቤት በፈቃድ ወጥታ፣ በፀጥታ መኪና ጭነው ወስደውታል። ሻጩን ልትጣላው።

በያጁ ያን ምሽት ወንበር ላይ ተቀምጦ በሩን ሲያይ አመሸ። የሚያስበው ስለ አምፕሊፋየሩ አልነበረም። ሻጩ አፉን ሲከፍት፣ እህቱ ስትሰማ፣ ፊቷ ሲለዋወጥ ይታየው ነበር። ፈራ፤ ከመሞት ይልቅ ፈራ።

ተመለሱ። ፀጥታ ሳጥኑን ሲያወርድ ቀና ብሎ አላየውም። እህቱ ገብታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እስፒከሩን ቀየረልን» አለች።

«ተጣላሽው?»

«ምን ያጣላኛል? ጥሩ ሰው ነው። ረስቶት ነው አለ። ይቅርታ ብሏል።»

ቃሉን አንድ በአንድ አነበበው። ቀርፋፋ፣ ጥርት ያለ፣ ለልጅ እንደሚነገር ነበር። እፎይ አለ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን በዚያች ሰዓት ማን ያስታውሰዋል?

አምፕሊፋየሩ በእርግጥም ተስተካክሎ ነበር። ማንም ፊቱን አልቋጠረም። ከዚያ በኋላ የመጡት ልምምዶችም ሰላም ነበሩ፤ ችግሩ ሰላሙ መብዛቱ ላይ ነው። በያጁ መጀመሪያ ልብ ያለው መምህር አለመጮኹን ነው። አንድ ቀን የእህቱ ትከሻ አሳስቶት ብቻውን ዘው ሲል፣ ቀና ብሎ ቁጣውን ጠበቀ። መምህር ኪቦርዱን አተኩሮ ያይ ነበር። ሌላ ቀን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ ቀረ፤ ማንም «ከመጀመሪያው» አላለም። ዘፈኑ ራሱ ያለ እሱ አለፈና ጥጉ ላይ ጠበቀው።

የሚታረም ሰው ገና ተስፋ አለው። መምህር ክፍል ውስጥ የማይቆጣው ተስፋ የቆረጠበትን ተማሪ ብቻ እንደሆነ እሱ ራሱ ነግሮአቸው ያውቃል። በያጁ ይህን አስታወሰ። እህቱም ተለውጣለች፤ ከጀርባው መናገር ትታለች፤ ምንም ነገር ልትነግረው ስትፈልግ ዞራ ትመጣለች፤ ክንዱን ነካ ታደርገዋለች። ድሮ ከደጅ «ጋሼ፣ በሩን!» ብላ የምትጮህ ሴት ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ሰው ሁሉ የጨረሰውን ነገር ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማዋል።

ሥራ አስኪያጁ ሊመጣ ቀን ሲቀረው፣ ከዘፈኖቻቸው ሁሉ ረጅሙን ይዘው ነበር። በያጁ በሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንሿን ጣቱን ወደ ጊታሩ ቁልፍ ሰደደና ድምፁን እስከ ዜሮ አዞረው። ጣቶቹ ክሩ ላይ መሄዳቸውን አላቆሙም። እግሩን የነካው የሳጥኑ ጎን መንቀጥቀጡን ተወ። አምፕሊፋየሩ ዝም ብሏል።

ወለሉ ግን ዝም አላለም።

መጀመሪያ ቁልፉን በደንብ ያላዞረው መሰለው። ደግሞ ነካው፤ ዜሮ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ግን በጫማው ሶል በኩል እየመጣ ነው፤ ቦታውን የጠበቀ፣ አንድም ጊዜ ያልዘገየ፣ እሱ መጫወት የሚገባውን አንድ በአንድ የሚጫወት። ያን ጊዜ ወደ መምህር ተመለከተ። የመምህር ግራ እጅ ከኪቦርዱ ታችኛው ጫፍ ላይ ነበር።

ይህን የማያውቅ ሰው ምንም አይታየው ይሆናል። በባንድ ሥራ ውስጥ ግን ሕግ ነው፤ ቤዝ ተጫዋች ካለ የኪቦርዱ ግራ እጅ ወደ ታች አይወርድም፤ ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ እንደማይቀመጥ ነው። መምህር ራሱ «ከወገብ በታች ያንተ ነው፤ እኔ አልደርስበትም» እያለ ስንት ዓመት ቀልዶበታል። አሁን ደርሶበታል። ያውም እንደ እንግዳ አይደለም፤ ጣቶቹ መንገዱን የለመዱ ናቸው፤ ብዙ ቀን ተመላልሰውበታል።

በያጁ ዞሮ ፀጥታን አየው። ፀጥታ ደግሞ ያየው ነበር። ጣቱ ቁልፉን ሲያዞር ከመጀመሪያው አይቶታል። ሁለቱ ለአፍታ ተያዩ። ከዚያ ድራመሩ ዓይኑን ወደ ከበሮው መለሰና መምታቱን ቀጠለ።

በያጁም ቀጠለ። ሌላ ምን ያደርጋል? እህቱ ዓይኗን ጨፍና እየዘፈነች ነው፤ ዘፈኑን ማቋረጥ አልፈለገም። ድምፅ የሌለው ጊታር እስከ መጨረሻው ስንኝ ተጫወተ። አንድም ቦታ አልሳተም፤ የትከሻዋን መውረድ ጠብቆ ገባ፤ ጠብቆ ወጣ። አንድም ሰው ግን የሰማው የለም።

መምህር ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ ብሎ ወጣ። ፀጥታ ዱላዎቹን በብብቱ ይዞ ሲያልፍ የበያጁን ትከሻ ጨበጥ አደረገና ሄደ። እህቱ ቀረች። ዞራ መጥታ ፊቱ ቆመች፤ ክንዱን ነካችው፤ ፈገግ አለች።

«ዛሬ አንደኛ ነበርክ፣ ጋሼ» አለች።

ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። ይህችን ልጅ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ጡጫም ቁጣም ከማንም ችሎ ያውቃል፤ የእሷን ውሸት ግን አልቻለም። 

«ድምፁን ዘግቼው ነበር» አለ። «ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ።»

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ፤ የሚሄድበት ጠፍቶት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

ወንበር ስባ ጉልበቱ አጠገብ ተቀመጠች። «ሻጩን ልጣላው ሄጄ» አለች። «‹እስፒከሩ ተቀዷል፣ ሳይቀየር እንዳትጫወትበት፣ የረከሰውም ለዚሁ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ› አለኝ። ‹ሳቀና ይሁን አለኝ› አለ። ውሸታም ብዬ ሰደብኩት። እስፒከሩን እስኪቀይር በሥራህ በኩል ደርሼ መጣሁ። ማሽኑ ቆሞ ነበር፤ ደጅ ተቀምጠህ ሻይ ትጠጣለህ። ከኋላህ ቆሜ ጠራሁህ።»

«ምን ብለሽ?»

«መጀመሪያ ጋሼ ብዬ። ከዚያ በስምህ።»

በስሙ ጠርታው አታውቅም። እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ጊዜ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

 ጊታሩን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ሳጥኑ ላይ አስደገፈው። ከዚያ ታላቅ ወንድም እንደሚገባው ድምፁን አስተካክሎ ተናገረ።

«እንግዲህ ስሚኝ። መምህር ባንድ እጁ ሁለት ሥራ ይዞ ሆቴል አይገባም፤ ይነቃበታል። ይህ ሥራ ካንቺ እጅ እንዲወጣ አልፈልግም። ሰው ፈልጉ። ደህና ጆሮ ያለው ቤዝ ተጫዋች ፈልጉ፤ እኔን ተዉኝ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እምቢ እንድትለው ነበር የፈለገው። ሞተን ነው ወይ፣ ያላንተ አይሆንም፣ እንድትለው። ከዚያ ትንሽ ተከራክረው ቢሸነፍም ባይሸነፍም ቃሏን ይዞ ይሄዳል። ፊቷን እያየ ያንን ጠበቀ።

«ተገኝቷል» አለች።

ከንፈሯ ግልጽ ነበር። ደግማ እንድትለው አላስፈለገም።

«መምህር ነው ያመጣው። ሁለት ጊዜ አንተ ሳትኖር ተለማምደናል። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ የሚጫወተው እሱ ነው። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ…»

 ያሳዘነው መተካቱ ብቻ አልነበረም፤ ስጦታ አድርጎ ሊሰጥ ያወጣው ነገር ቀድሞ ከእጁ ተወስዶ ኖሯል።

«አምፕሊፋየሩን አየው?» አለ በመጨረሻ።

«አየው እንጂ፣ በዚሁ ላይ ነው የተጫወተው። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ዕቃ ማን መረጠላችሁ አለ።»

«ምን አልሽው?»

«ወንድሜ አልኩት።»

በያጁ ራሱን ነቀነቀ። ዕቃው ጥሩ ነው፤ እሱም ያውቅ ነበር፤ አገጩ አልዋሸውም።

«ጥግ ላይ እንዳያስጠጋው ንገሪው» አለ። «ጥግ ላይ ሲሆን ወፍራሙ ድምፅ ይንደቀደቅና ያንቺን ይውጥብሻል። ከግድግዳው ራቅ ያድርገው። አየር ስትስቢ ደግሞ ትከሻሽን ይይ፤ ሳትዘፍኚ የምትቀሪባትን ቦታ አስቀድመሽ አሳዪው።»

እህቱ አንድ ነገር መለሰችለት። ረዘም ያለ ነገር ነበር፤ እጁንም ይዛው ነበር። ከንፈሯ ግን በጣም ስለተንቀጠቀጠ ከተናገረችው አንድ ቃል እንኳን ሊያነብ አልቻለም።